እንግዲህ ለማን ልነጫነጭ?

ሐረር ውስጥ ነጭናጫ ሽማግሌ መሆን ድሮ የተከበረ ሥራ ነበር። ጠዋት ወጣ ብለህ የአንዱን አጥር መጣመም፣ የሌላውን በር መጮህ፣ የሦስተኛውን ሳምቡሳ ጨው ማነስ ትናገራለህ፤ ማታ ስትመለስ አጥሩ ተቃንቶ፣ በሩ ዘይት ጠጥቶ፣ ሳምቡሳው ጨው ጨምሮ ታገኘዋለህ። «አቦ ተወን!» ይሉሃል እንጂ መስማቱን ይሰሙሃል። ዛሬም አንደበቴ ያው ነው፤ ጉልበቴም ለንጭንጭ አያንስም። የጠፋው ሰሚው ነው።

ይህን ያስነሳብኝ ከአዲስ አበባ የመጣው የልጅ ልጄ ነው። ዲዛይን ተምሯል። እኔ ዕድሜ ልኬን የእጅ ሥራ መምህር ሆኜ ልጆችን ከካርቶን ቤት፣ ከሽቦ መኪና ሳሠራ ኖሬያለሁ፤ ያ ዲዛይን መሆኑን ማንም አልነገረኝም፣ ደመወዜም ላይ አልታየም። ልጁ ላፕቶፑን ታቅፎ «አባባ፣ ጀጎልን እየዞርኩ ኢንስፒሬሽን ልሰበስብ ነው» አለኝ። ሰበሰበም። ሰማያዊ ግድግዳ፣ አረንጓዴ በር፣ ሐምራዊ ግድግዳ፣ ሰፌድ፣ አሮጊት፣ አሁንም ግድግዳ። ማታ ስልኩን እያገላበጠ ሲያሳየኝ «ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን ሠራው?» አልኩት። «ስማቸው የማይታወቅ ባለሙያዎች» አለኝ። የሠሪዎቹን ስም እኔም አላውቅም። ማን እንዳሠራቸው ግን አውቃለሁ፤ ነጭናጮች ናቸው።

የጀጎልን ግንብ እንይ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማውን አጥረው፣ ሐረር በሸዋ በር፣ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በርና በፈላና በር ሲገባና ሲወጣ ኖረ። ለመኪና የተመቸው ስድስተኛው በር ኋላ የመጣ ነው። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው በ48 ሄክታር ላይ 82 መስጊድና 102 የወሊዮች መዘየሪያ ቆጠረ። እንግዲህ በዚያ ላይ መኖሪያውን፣ ገበያውን፣ አህያውን ጨምርና ምን ያህል ቦታ እንደሚተርፍ አስበው። አንዱ ሲያስነጥስ ሦስት ግቢ «ይማርህ» የሚልበት ጥበት ነው። ታዲያ ቤቱ ፊቱን ወደ ግቢው፣ ጀርባውን ወደ መንገድ አድርጎ ተሠራ። መንገደኛ የሚያየው ረጅም ግድግዳና የተዘጋ በር ብቻ ነው። አርክቴክቶች ሲመጡ ይህን «የግላዊነት ፍልስፍና» ብለው ይጽፋሉ። እኔ ግን ከግድግዳው ኋላ የአንዲት ጎረቤት ድምፅ ይሰማኛል፦ «ልብስ ሳሰጣ ማነው ከላይ የሚያየኝ?» ፍልስፍናው የተጀመረው ከዚያ ነው ባይ ነኝ።

ወደ ቤቱ ስትገባ ንጭንጩ ይበልጥ ተጣርቶ ይጠብቅሃል። በሐረሪ ቤት ወንበር የለም። ከወለሉ ከፍ ዝቅ እያሉ የተሠሩ መደቦች አሉ፣ ነደባ ይባላሉ፣ አምስት ናቸው፦ አሚር ነደባ፣ ግድር ነደባ፣ ጢት ነደባ፣ ከበሩ ኋላ ገብቲ ኤሐር ነደባ፣ ሸሸግ ያለው ሱትሪ ነደባ። ታላቅ የት እንደሚቀመጥ፣ ወጣት የት እንደሚሆን፣ እንግዳ እስከየት እንደሚዘልቅ ቤቱ ራሱ ይናገራል፤ ማንም ማንንም «ተነሳልኝ» አይልም። ወለሉም መደቡም በቀይ አፈር ይለቀለቃል። ቀይነቱ በ1887 እ.ኤ.አ. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ሲሉ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች አሉ፣ ሰፌዱ ከላይ ተሰቅሏል፣ ሳህኑ ተደርድሯል፤ ቁም ሣጥን አያስፈልግ፣ አቧራ የሚደበቅበት ሥር የለ። ይህን አንድ ሰው በአንድ ሌሊት አላሰበውም። ስንት ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት «ይሄ መደብ ከፍ አለብኝ»፣ ስንት አክስት «እዚህ ሆኜ የሚገባው አይታየኝም» ብለው ሲያማርሩ፣ ቀጣዩ ቤት ሲሠራ ያ ቅሬታ ጭቃው ውስጥ እየተለወሰ መጣ።

አሁን ሴት ልጄ ኮንዶሚኒየም ልውሰድህ። ኤል ሼፕ ሶፋ አስገብታለች። ሶፋው ሳሎኑን ከበላ በኋላ የተረፈውን ክፍተት ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ተቀመጥኩበት፤ ዋጠኝ። ታላቁ የቱ ጋ እንደሚቀመጥ አይታወቅ፤ ልጆቹ እግራቸውን ዘርግተዋል፤ እንግዳዋ ማዕዘኑ ውስጥ ተወሽቃ መውጫ አጥታለች፤ ሁላችንም ወደ ቴሌቪዥኑ እንጂ እርስ በርስ አንተያይም። ለመነሳት ሁለት ሰው ጎተተኝ። አናጺውን አስጠርቼ ልቤ እስኪደርስ ልናገረው ተዘጋጀሁ። «እኔ ምን ላድርግ አባቴ፣ በስልክ ፎቶ አሳይተውኝ ነው የሠራሁት። የቱርክ ነው» አለኝ። እና ቱርክ ድረስ ሄጄ ልነጫነጭ?

የልጅ ልጄ ፎቶ ካነሳቸው ሰፌዶች መካከል አንዱን አውቀዋለሁ። ሙሽራ ለአማቷ የምታበረክተው ነው፣ ሐማት ሞት ይሉታል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከአማት የበረታ ገምጋሚ እስካሁን አልተፈጠረም። አማት ሰፌድ ሲቀርብላት ፊቱን አይታ አታደንቅም። ትገለብጠዋለች። የአክርማው ጫፍ የት እንደተሸሸገ፣ ዙሩ እኩል ስለመጥበቁ፣ ቀለሙ ወደ ጎረቤቱ ስለመዝለቁ ትመረምራለች። አንድ ቃል አትተነፍስም። ዝምታዋ ግን ለአንድ ዓመት ይበቃል። ሙሽራዋም ይህን ታውቃለችና ከልጅነቷ ጀምሮ ከሴቶች ጋር ተቀምጣ ስትሰፋ የኖረችው ለዚያች ቀን ነው። ሲሰፉ አይቻለሁ። ንድፉ በወረቀት አልተያዘ፣ በራስ ነው ያለው። አንዷ ዙር ስትስት ከጎኗ ያለችው ታይና ትስቃለች፤ ሁሉም ይስቃሉ፤ ወስፌው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ስንደዶው ይፈታል፣ እንደገና ይጀመራል። ስህተት ከሦስት ዙር በላይ ዕድሜ የለውም።

ልጁ «አባባ፣ ፓተርኑን ቬክተር አድርጌ ስኒና ቲሸርት ላይ አትመዋለሁ» አለኝ።

«ለየትኛዋ አማት?» አልኩት።

ዝም አለ። ገበያ ላይ እኮ አይቼዋለሁ፤ የሐረር ሰፌድ የታተመበት ፕላስቲክ ትሪ። ከፊት ሰፌድ ነው፤ ስትገለብጠው ነጭ ፕላስቲክ። ለመገልበጥ አልተሠራማ።

የጅቡን ነገር ቱሪስት ሁሉ ስለሚያወራው ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ግን ከጅብ የሚበልጥ ምሳሌ የለኝም። ግንቡ ላይ ዝቅ ብለው የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ፣ ወራባ ኑዱል፣ የጅብ ቀዳዳ ናቸው። ሌሊት ጅብ በዚያ ይገባል፣ የቀረውን አጥንትና ትርፍራፊ አጽድቶ ከንጋት በፊት ይወጣል። ጠላት እንዳይገባ ግንብ የሚያቆም ከተማ፣ ለጅብ ብሎ ቀዳዳ ይተዋል! ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። በር ላይ ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያላዝን የሰማ ሰው ያዋጣል ብሎ ያሰበው ስምምነት ነው። በዓሹራ ደግሞ ገንፎ በቅቤ ይሠራላቸዋል። ገንፎውን መጀመሪያ የሚቀምሰው የጅቦቹ አለቃ ነው፤ ፊቱን ካዞረ የዓመቱ ነገር ያሳስባል ይባላል። ልጁ «ይሄ እኮ የተጠቃሚ ሙከራ ነው» ብሎ በደስታ ዘለለ። ነው። ልዩነቱ የኛ ተጠቃሚ ካልወደደው ጥርስ ያለው መሆኑ ነው። ሰሞኑን መንገዱ ታድሶ መብራቱ ደምቋል፤ ለእኔ ዓይን ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ቆሻሻው ግማሹ ፌስታል ሆኗል፤ ፌስታል ደግሞ ጅብም አይበላው። ፌስታልን የነደፈው ሰው አንድ ጅብ እንኳ አላማከረም።

መኪና ግርግርን ታውቃለህ? ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው። ከግራ ጨርቅ ትገዛለህ፣ ከቀኝ ትለካለህ፣ ሻይ እስክትጠጣ ይሰፋል። እዚህ መንገድ ላይ ሱሪ አሰፍቼ ሳልነጫነጭ ወስጄ አላውቅም። «ወገቡ ያዘኝ» ስል ሰፊው እግሩን ከመርገጫው ሳያወርድ ቀና ብሎ ያየኛል፤ «ወገቡ አይደለም የያዘህ፣ ምሳህ ነው» ይለኛል፤ ይህን እያለ ግን ይፈታዋል። ይሰድበኛል፣ ያሰፋልኛል። ከዚህ የተሻለ የደንበኛ አገልግሎት ካለ አሳዩኝ። ባለፈው ዓመት ልጄ ከአዲስ አበባ ዝግጁ ሱሪ ላከችልኝ። ወገቡ ላይ መጠኑ በቁጥር ተጽፎበታል፤ ያ ቁጥር ግን እኔን አያውቀኝም።

ታክሲውም እንዲሁ ነው። ሐረር ለረጅም ዘመን የፔጆ 404 ከተማ ነበረች። በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣ የፈረንሳይ መኪና፣ ቅርጹን የነደፈው የጣልያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ፈረንሳዮች ከረሱት በኋላ የኛ መካኒኮች ከሌላ መኪና ዕቃ እየነቀሉ፣ ከብረታ ብረት ቤት እያስቀጠቀጡ ለአሥርተ ዓመታት አስኬዱት። ከፔጆው ውስጥ የቀረው ጣልያናዊ ነገር ቁመናው ብቻ ነበር፤ ሌላው ሐረሬ ሆኗል። በሩ አልዘጋ ሲልህ ለሾፌሩ ትናገራለህ፤ ሾፌሩ ባለቤቱ ነው፤ «ሳብ አድርገህ ወደ ላይ አንሳው አቦ!» ይልሃል፤ በማግሥቱ በገመድ ታስሮ ታገኘዋለህ። ውበት የለውም፣ ግን ይዘጋል። አሁን ባጃጅ ነው። ባጃጅ ቀጭኑን መንገድ ሁሉ ይገባል፤ ይህን አልክድም። ግን ኮብልስቶኑ ላይ ሲነጥር ጥርሴ ሲንገጫገጭ ለሾፌሩ ብነግረው «ፋብሪካው እንዲህ ነው የሠራው አባባ» ይለኛል። ፋብሪካው! ከሶፋው ጋር አንድ አገር ሄደው ተደብቀዋል።

ንጭንጭ ከተነሳ ደግሞ የሁላችንም አለቃ የነበረውን ፈረንጅ ሳላነሳ አላልፍም። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ቡናና ቆዳ ለሚነግድ ኩባንያ ተቀጥሮ ሐረር መጣ። ግጥም ትቶ ነበር፤ ማማረሩን ግን አልተወም። ለቤተሰቡ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በመሰልቸት ምሬት የተሞሉ ናቸው። ፎቶ ማንሻ አስመጥቶ በ1883 ራሱን አነሳ፤ ፎቶዎቹን ሲልክ ነጣ ማለታቸው ያጠበበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሎ ጻፈ። ይህን ሳነብ ወንድሜን ያገኘሁ መሰለኝ። ሐረር ውስጥ በውኃ መነጫነጭ ከሲኒማ የቀደመ ልማድ መሆኑ ነው። እኛም ያጠጣን የነበረው ሐረማያ ሐይቅ እንኳ ደርቆ አየነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃ ተመልሶበታል ቢሉም፣ ቤቴ በር ላይ ያለው ቢጫ ጀሪካን እስካሁን ከሥራ አልተሰናበተም። በነገራችን ላይ ጀሪካኑን ተመልከተው፦ ለዘይት የተሠራ፣ ውኃ የሚያመላልስ፣ እጀታው ላይ ባለቤቷ የራሷን ጨርቅ ያሰረችበት፤ በወረፋ ላይ ከመቶ ጀሪካን መካከል የራሷን ከሩቅ ትለያለች። ልጁ ይህን ፎቶ አላነሳም። ሰማያዊ ግድግዳ ከኋላው አልነበረማ።

የራምቦ ቤት ተብሎ ቱሪስት የሚጎርፍበት ያ ባለ ቀለም መስታወት ቤት እርሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ የህንድ ነጋዴ ቤት ነው። ራምቦ በ1891 ማርሴይ ሞቶ ትውልድ ከተማው ሻርልቪል ተቀብሯል፤ ቤቱ የቆመው ኋላ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ሰፈር ውስጥ ያሉ ልጆች ደግሞ ጠመንጃ ይዞ የሚዋጋው የፊልሙ ራምቦ ቤት ይመስላቸዋል። ሁለቱም ወገን ደስ ብሎት ይመለሳል፤ እኔ ብቻዬን እነጫነጫለሁ። ይልቅ ሊታይ የሚገባው ሌላ ነገር ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረር አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ሲሄድ ስለ ከተማው ብዙ ክፉ ነገር ጽፏል፤ መጽሐፍ ድጉሷ ላይ ሲደርስ ግን ብዕሩ ለሰለሰ፤ በጥንካሬና በውበት ከፋርስ በቀር የሚበልጣት የምሥራቅ አገር የለም አለ። ያንን ዓይነት ነጭናጫ ያስደነቀ ቆዳ ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚፈልግ ወደ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ይሂድ፤ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ ሐረር ራሷ ያስቀረጸቻቸው መሐለቆች፣ የሠርግ ልብሶች እዚያ አሉ። አንድ ሰው ከቤት ቤት እየዞረ ነው የሰበሰባቸው። የደጓሹ ደንበኛ ቁርዓኑን በየቀኑ የሚገልጥ፣ ለልጁ የሚያወርስ ሰው ነበር። ክሩ ቢበጠስ ደጓሹን መስጊድ ውስጥ ያገኘዋል። አስበው እስኪ፤ የሠራኸው ነገር ሲበላሽ ባለቤቱ ከጎንህ ቆሞ ይሰግዳል።

አሁን ወደ ስልኬ ልምጣ፣ ደሜ ይፍላ። አንድ ባንክ ጡረታዬን በስልክ እንድመለከት አደረገኝ። ፊደሉ የጉንዳን እግር ያህላል። አንድ ቀን «ይቅርታ፣ በድጋሚ ይሞክሩ» አለኝ። ሞከርኩ። «በድጋሚ ይሞክሩ» አለኝ። ይሄ እኮ አለቃዬ የነበረ ሰው ጠባይ ነው። በመጨረሻ አምስት ኮከብ አውጥቶ አገልግሎቱን ደረጃ እንድሰጠው ጠየቀኝ። አንድ ኮከብ ሰጠሁት፤ «እናመሰግናለን!» አለኝ ደስ ብሎት። እኔ ተቆጥቻለሁ፣ እርሱ ያመሰግነኛል። መኪና ግርግር ያለው ሰፊ ቢሆን «አንድ ኮከብህን ለራስህ ያዝ» ብሎኝ ሱሪውን ያስተካክል ነበር። ቅርንጫፉ ድረስ ሄድኩ። ልጅቷ ትሑት ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ፤ «ሲስተሙ ነው አባባ» አለችኝ። ሲስተሙ የት ነው የሚቀመጠው? አማት አለው?

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ስዘረዝርለት ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይጽፋል። ደስ አለኝ። ኋላ ሳየው «የተጠቃሚ ቅሬታ እንደ ፈጠራ ምንጭ» የሚል ርዕስ ሰጥቶ አቀራረብ እያዘጋጀበት ነው፤ ስላይድ ላይ የእኔ ፎቶ አለ፣ ከሰማያዊ ግድግዳ ፊት። ነጭናጫውን ሰብስቦ ኢንስፒሬሽን አደረገው! ቢሆንም ልጁ ክፉ አይደለም። ከግንቡ ውጭ አዲሱ ከተማ ላይ ለተከፈተ አንድ ካፌ ምልክት ሠርቶ አሳየኝ። ጅብ ነው አለኝ። እኔ ውሻ ነው ያየሁት፤ ያውም የጠገበ። «ጀርባው ቀጥ አለ» አልኩት። «ጅብ የፊት እግሩ ይረዝማል፣ ጀርባው ወደ ኋላ ይወርዳል። ጆሮውም ክብ ነው፤ አንተ ያሾልከው የተኩላ ነው።» ሲያስተካክል አምሽቶ ጠዋት ፈላና በር ሄዶ ሳይነግረኝ አንድ አዛውንት አሳይቶ ተመለሰ። ሰውዬው «የታመመ ጅብ ነው» ብለውታል። እንደገና ጀመረ።

ካፌው ሲከፈት ሄድኩ። ሜኑ አምጣ ብለው አስተናጋጁ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የበዛበት ካርቶን አስቀመጠልኝ። ኪውአር ኮድ ነው፤ በስልክ ያነቡታል አለኝ። «እኔ የቡና ቅጠል ቁጢ በወተት ነው የምፈልገው፣ ስልኬ ምን አገባው?» አልኩ፤ ድምፄም ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ሦስት ጠረጴዛ ዞሮ አየኝ። ባለቤቱ ወጣ፤ ወጣት ነው። ይቅርታ አላለኝም፣ ኮከብም አልጠየቀኝም። «ምን ያህል ፊደል ይታይዎታል?» ብሎ እጁን ከፍቶ አሳየኝ። አሳየሁት።

በሳምንቱ ስመለስ ወረቀት ሜኑ ተዘርግቶ ጠበቀኝ፣ ፊደሉ ጥፍር ያህላል። በደንብ አነበብኩት። ሐረርን በሃሌታው ሀ ጽፈዋታል። ሐላዋ ከኬክ ዝርዝር ውስጥ ጠፍቷል። ቁጢ ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ከፒዛ በታች፣ ከለስላሳ መጠጥም በታች ወርዶ «ሌሎች» የሚል ስር ተወሽቋል። እስክሪብቶ ተውሼ በቀይ አረምኩለትና ማስረከብ ፈልጌ ባለቤቱን ጠየቅኩ፤ ወደ ድሬ ዳዋ ሄዷል አሉኝ፣ ሐሙስ ይመለሳል። ሐሙስ ጠዋት እሄዳለሁ። የካፌውን ወንበር ነገር ደግሞ ገና አላነሳሁም።